በአፍ ሙሉ፣ በወረቀት ጎዶሎ

ሙሐሲን በመካነ ሰላም ዙሪያ ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ ሲሠራ የኖረ ተቋራጭ ነው። ሥራው አይነቀፍም። የሚነቀፈው በሌላ ነው፤ ከራሱ እጅ በቀር እጅ አያምንም። አሸዋ ሲራገፍ እሱ ቆሞ፣ ሲሚንቶ ሲቦካ እሱ ቆሞ፣ ሚስማር ሲገዛ እንኳ እሱ ካልመረጠ አይሆንም። የፎርማኑን የካሳን ቀልድ አገር ያውቀዋል፤ «ጋሽ ሙሐሲን ሲሞቱም መቃብሩን ወርደው ካልለኩ አይገቡም።»

በዚያ በጋ ኩላሊቱ አስጨነቀው። አዲስ አበባ ሄደህ ጠጠሩ በቀዶ ጥገና ካልወጣ አይሆንም ተባለ። በከላላ መንገድ የጀመረው የትምህርት ቤት ሕንፃ ግን ገና መሠረቱ እየተቆፈረ ነበር። ክረምት ሳይገባ ግድግዳው ካልቆመ ተማሪዎቹ ሌላ ዓመት በዳስ ሊማሩ ነው።

ልጁ ጠይባ አለች። ጅዳ በሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ከተመለሰች ወዲህ ከአባቷ ሥር ሆና ሥራውን ስትማር ቆይታለች። ሠራተኛው ይሰማታል፤ ነጋዴው ያከብራታል። ሰው ግን «ሙሐሲን ሰው ከሚወክል ሕመሙን ታቅፎ ይቀመጣል» እያለ ያወራ ነበር። ወሬው ጆሮው ደረሰ። አልወደደውም።

ጁምዓ ተሰግዶ ሰው ሲወጣ መስጊዱ ግቢ ውስጥ ቆመ። ሼህ ጀማሉዲንንና ጎረቤቶቹን ሰበሰበ።

«ስሙኝ» አለ። «ልጄን ጠይባን በሥራዬ ሁሉ ወክያለሁ። እጇ እጄ ነው። እሷ የተስማማችውን እኔ ተስማምቻለሁ።»

«ወክለሃታል?» አሉ ሼሁ፣ ኒካህ ሲታሰር እንደሚጠየቀው።

«ወክያለሁ።»

ዱዓ ተደረገ። ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቤት ገባ። በዚያ አገር ሙሽራ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና «አባቴን ወክያለሁ» ካለች ነገሩ አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይጠይቃትም። ጠይባም ስትዳር አባቷን የወከለችው እንዲሁ በአፏ ነበር።

ሰኞ ሙሐሲን ብቻውን ወደ ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ሄደ። ጸሐፊዋ ብርሀንነሽ ሥልጣኖቹን እየጠራች ጠየቀችው። ሠራተኛ መቅጠር? ይግባ። ዕቃ መግዛት? ይግባ። ደብዳቤ መቀበል፣ መመለስ? ይግባ።

«ውል ማሻሻል፣ መብት መተው፣ መታረቅስ?»

እዚህ ላይ እጁን አንሥቶ አስቆማት።

«ተለይቶ ካልተጻፈ በሕግ ሥልጣኑ አይኖራትም» አለችው።

«ይቅር።»

«ዓርብ ሁሉን ሰጡ ሲባል ሰምቼ ነበር እኮ።»

«ያ ዓርብ ነው» አለ ሙሐሲን።

ወረቀቱን በፖስታ አድርጎ ለጠይባ ሰጣት። «የወረዳው መሐንዲስ ሲጠይቅሽ ትሰጪዋለሽ» አላት። እሷም ሳትገልጠው አስቀመጠችው። በሰው ፊት፣ በዱዓ ያለቀ ነገር ምን ይነበባል?

ሕክምናው ከታሰበው በላይ ረዘመ። ከዳነም በኋላ በጸጥታው ምክንያት መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩም ከሄደ ሰሞን ጀምሮ ተቋርጧል። ሙሐሲን በዘመድ ቤት ተቀምጦ የማያየውን መሠረት እያሰበ ሰነበተ። መንገዱ ሲከፈት በመጀመሪያው መኪና ተሳፈረ። ቤቱ እንኳ አልገባም፤ በቀጥታ ወደ ሥራው ሄደ።

ያስቆፈረው ጉድጓድ ውሃ ሞልቶት እንቁራሪት ይንጫጫበታል። ከዚያ ከፍ ብሎ፣ በዚያው ግቢ ድንጋያማው መሬት ላይ፣ ሌላ መሠረት ወጥቶ ግድግዳው ደረት ደርሷል።

ጠይባ መጥታ እጁን ሳመች።

«አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም መጡ አባ።»

«ይህ ምንድን ነው?»

«እርስዎ በሄዱ በሳምንቱ ጥቁሩ አፈር ሥር ምንጭ ፈነዳ። ብንቀዳው፣ ብንቀዳው አይነጥፍም። ብደውል፣ ብደውል የለም። ከመሐንዲሱ ጋር ተስማምተን ቦታውን አዛወርነው።»

«የመጀመሪያው ቁፋሮስ? ልፋቱን ማን ይከፍላል?»

«ድርጅታችን ክፍያውን ላይጠይቅ ፈረምኩ። ያንን ካነሳን ክርክሩ ክረምቱን ያልፋል አሉ የወረዳ ሰዎች።»

ሙሐሲን ወደ ካሳ ዞረ። «አንተስ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ቦታውን ማዛወሩ ልክ ነው ጋሼ» አለ ካሳ። «ቁፋሮውን ግን እኔ ብሆን አልተውም ነበር። ነግሬያታለሁ።»

«ነግሮኛል» አለች ጠይባ።

የወረዳው መሐንዲስ ዋለ ሙሐሲን መምጣቱን ሰምቶ በችኮላ ደረሰ። ፊቱ ልክ አልነበረም።

«ጋሽ ሙሐሲን፣ ጥፋቱ የእኔም ነው። የመስጊዱን ወሬ ሰምቼ ውክልናውን ሳላነብ ከስምምነቱ ጋር አያያዝኩት። ትናንት ሳነበው ለካ ልጅዎ ይህን ለመፈረም ሥልጣን የላትም።»

«እና?»

«ካጸደቁት እርስዎ ራስዎ እንደፈረሙት ይቆጠራል። ካላጸደቁት ድርጅትዎን አይነካም። ሥራው ይቆማል፤ ጣጣው በእሷ ላይ ነው።»

ሙሐሲን በልቡ ወረቀቱን አመሰገነ። ጠብቆታል። አላጸድቅም ቢል ሕጉ ከእሱ ጋር ነው፤ ቁፋሮውንም ተከራክሮ ያስመልስ ይሆናል። ቀና ሲል ጠይባ ወረቀቱን ከዋለ እጅ ተቀብላ ታነባለች። አንብባ ስትጨርስ አጥፋ መለሰችለት።

«ጅዳ እመቤቴ የቤቱን ቁልፍ ሁሉ ሰጥታኝ ስኳሩን ትለካ ነበር» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «በሰው አገር ነው ብዬ ቻልኩት።»

ሌላ አልጨመረችም። ወደ ግንበኞቹ ሄዳ ሥራ አቁሙ አለቻቸው። አንዱ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ካሳ በዓይኑ ያዘው። መዶሻው ሁሉ ዝም አለ።

ሙሐሲን ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሲጠነቀቅ የኖረ ሰው ነው፤ በዚህ አያፍርም። ግን ይህ ጥንቃቄ አልነበረም። ለሰው ጆሮ አንድ፣ ለራሱ ኪስ ሌላ ተናግሯል። ልጁ ያመነችው የሰው ጆሮ የሰማውን ነው። ዛሬ ቢክዳት ማንም በሕግ አይጠይቀውም፤ ጁምዓ ሲመጣ ግን ሼህ ጀማሉዲን አጠገብ ይሰግዳል።

ተነሥቶ የአዲሱን መሠረት ዳር ዳር ዞረ። በእጁ ነካው፣ በእግሩ ገፋው። እንከን ፈለገ፤ አጣ።

«ጠይባ» ብሎ ጠራት። መጣች።

«ቁፋሮውን እኔ ብሆን አልተውም ነበር።»

«አውቃለሁ አባ።»

«ዛሬም ልክ ነሽ አልልሽም።»

«አይበሉ።»

«ግን ወክያለሁ ብያለሁ። ወክያለሁ ያለ ሰው የወደደውን ብቻ አይደለም የሚቀበለው።» ወደ ዋለ ዞረ። «አምጣው፣ የት ጋ ነው የምፈርመው?»

ዋለ እስክሪብቶውን ለማውጣት ኪሱን ሁሉ ዳበሰ። «አብሽር፣ አትደንግጥ» አለው ሙሐሲን። የዋለ መኪና ሞተር ክዳን ላይ ስምምነቱን ዘርግቶ ፈረመ።

በማግሥቱ ጠይባን ይዞ ብርሀንነሽ ዘንድ ሄደ። ቀድሞ ይቅር ያለውን ሁሉ ይግባ አለ። ብርሀንነሽ እየጻፈች ከመነጽሯ በላይ አየችው።

«ይህኛውስ የየትኛው ቀን ነው?»

«የሁሉም» አለ። ከዚያ ለጠይባ፣ «አንብቢው» አላት። እሷም ቁጭ ብላ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ አንድ ቦታም ስሟ በስህተት ተጽፎ አገኘች፤ ተስተካከለ።

ሥራው ቀጠለ። ሙሐሲን ወደ ሥራው መሄዱን አልተወም፤ ሰው በአንድ ጊዜ አይለወጥም። አንድ ቀን ዋለ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ መስኮቱ በብረት ይሁን በእንጨት?» አለው። የሙሐሲን ልብ ያዘነበለው ወደ እንጨት ነው። መልሱ ጥርሱ ላይ ደርሶ ነበር።

«ወኪሌን ጠይቃት» አለ።

ካሳ ከመሰላሉ ላይ፣ «ኧረ ለጋሼ ጠጠሩን ብቻ አይደለም ያወጡላቸው» ብሎ ግንበኞቹን አሳቀ።

ጠይባ ወደ ግድግዳው አየችና፣ «ብረት» አለች። «እዚህ ምስጥ አለ።»

ሙሐሲን ምስጥ መኖሩን አላየም ነበር። ጎንበስ ብሎ መሬቱን ተመለከተ። ጥላ ወዳለበት ሄዶ ተቀመጠና ግንበኞቹ ቀጣዩን ድንጋይ ሲያነሡ ማየት ጀመረ።