ተኝተው ይጠብቁ

በ1995 ዓ.ም. ሰቆጣ ፊዚክስ አስተምር ነበር። የቡሬ ልጅ ነኝ፤ ተመድቤ ነው የሄድኩት፣ ከተመደብኩበት ቀን ጀምሮም አኩርፌ ነበር። ይህን የምለው ለማመካኘት አይደለም። ምን ማመካኛ አለው!

ያቺ የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ወደ ምድር ስትመለስ ተሰባብራ ሰባቱም ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ የካቲት ላይ፣ ለዘጠነኛ ክፍሎች ጥያቄ ሰጠሁ። «ክንፏ መጎዳቱ እዚያው ጠፈር ላይ ሳሉ ታወቀ እንበል። በእሷ መመለስ አይችሉም። ሌላ መንኮራኩር እስኪደርስላቸው ሳምንታት ይፈጃል፤ ያላቸው አየር ደግሞ አይበቃም። እንዴት ታድኗቸዋላችሁ?»

አንዱ ገመድ አለ፣ ሌላው ጃንጥላ። ከቆላው፣ ከዝቋላ ወረዳ የመጣችው ትሁት ተነሣች። ቤቷ የሚነገረው ኽምጣኛ ስለሆነ አማርኛዋን ቃል በቃል እየመረጠች ነው የምትናገረው።

«ይተኙ» አለች። «ሥራ ይተው፣ ወሬም ይተው። ተኝተው ይጠብቁ። እህል የጫነው መኪና በዘገየብን ጊዜ አባዬ ጥላ ሥር ያስተኛን ነበር፤ እንዳንሮጥ፣ እንዳንጣላ። ያለችው ቆሎ እንድትበቃን።»

ሳቄ መጣ። «አይ ትሁት! እናንተማ እርዳታ እየጠበቃችሁ መተኛት ታውቁበታላችሁ!» አልኳት።

ክፍሉ አውካካ። ከሳቁት ግማሾቹ በዚያው የእርዳታ እህል ያደጉ ናቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በግቢው ስሟ «ተኝታ ጠባቂ» ሆነ፤ በሳምንቱ ትምህርቷን ትታ ቀረች። እንደሷ የሚያስብ ልጅ እስከዛሬ አላስተማርኩም። እኔ ግን ስም ስጠራ «ቀሪ» ብዬ እጽፍና ወደሚቀጥለው ስም አልፍ ነበር።

ነሐሴ ላይ ሬዲዮ ከፍቼ ተጋድሜ ነበር። አደጋውን ያጠኑት ሰዎች ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ጉዳቱ ቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ፣ ሌላ መንኮራኩር እስኪደርስ ሰዎቹ ሥራ አቁመው እንዲያርፉ፣ ብዙ እንዲተኙ ይደረግ ነበር፤ አየሩ እንዲበቃቸው። ቤቱ ውስጥ ከኔ በቀር ማንም የለም፤ ግን አፈርኩ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መስከረም ምዝገባ ሲጀመር ወደ ዝቋላ ወረድኩ፤ ሁለት ቀን በእግር። የምላትን መንገዱን ሙሉ አጠናሁ፦ «አንቺ ልክ ነበርሽ፤ እኔ ባለጌ ነኝ፤ ተመለሺ።»

አባቷን አቶ ባምላክን ማሽላቸው ውስጥ አገኘኋቸው። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ደነገጡ። ሌላ ቃል ሳልተነፍስ ከእርሻው ዳር ድንጋይ አነሡ፤ ትከሻቸው ላይ አድርገው እግሬ ሥር ተንበረከኩ።

«መምህር፣ ልጄ ምን እንዳጠፋች አልነገረችኝም። አስቀይማዎት እንደመጣች ግን ልቤ ያውቃል። ስለ እግዚአብሔር ይቅር ይበሉን! ትማርልኝ።»

ያን የመተኛት ብልሃት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው! ጎረቤት መሰብሰብ ጀመረ። ትሁት ከእርሻው አጠገብ ባለው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ቆማ ታየኛለች፤ ምን እንደምል ትጠብቃለች።

«ኧረ ይነሡ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ!» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ሰዉን አየሁ፤ ሁሉም መምህሩ ምን ይል ይሆን ብሎ አፍ አፌን ያያል።

«ይቅር ብያለሁ» አልኩ።

አቶ ባምላክ ድንጋዩን ጥለው እጄን ሳሙ። «ትሁት! ይቅር ብለውሻል እኮ! ነይ አመስግኚ እንጂ!»

መጣች። ጎንበስ ብላ «እግዜር ይስጥልኝ፣ መምህር» አለችና ወደ ቤት ገባች።

አባቷ ሰኞ እልካታለሁ አሉኝ፤ ለመንገዴም አንድ ማሰሮ ማር ሰጡኝ። ተቀብዬ መጣሁ። እሷ አልመጣችም።