አገርነሽ ያስተዋወቀችው ሰው

ሰው በክፋቱ ሲያጠፋ አንድ ነገር ነው ልጆቼ፤ በደግነቱ ሲያጠፋ ግን የሚቆረጥመው ሌላ ቦታ ነው። አገርነሽ ያጠፋችው በደግነቷ ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ፎቅ ላይ፣ «ታንኳ» የምትባል ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት አለች። ሠራተኞቿ በአንድ ገበታ ዙሪያ ምሳ የሚበሉ፣ አንዱ ሲያስነጥስ ሁሉም «ይማርህ» የሚሉ ናቸው። የሚሠሩት የግዕዝን ቃል በስልክ ላይ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ነው። ታዲያ የነሱ ሥራ እንደ ሌላው ነጋዴ ሥራ ተሸፍኖ አይቀመጥም፤ የፕሮግራሙን አንጀት ሳይቀር ለዓለም ይዘረጉታል። የፈለገ ያነበዋል፣ የፈለገ ይወስደዋል፣ ስሕተት ያገኘም አርሞ ይልክላቸዋል። በሐይቁ ዙሪያ ያሉ የአብነት ተማሪዎች፣ ስልክ የያዙት ሁሉ፣ ያለ ደመወዝ አራሚዎቻቸው ናቸው። «እኛ ቤት መጋረጃ የለም» ይላል የድርጅቱ ኃላፊ አስናቀ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር።

በዚህ ቤት አዲስ ሠራተኛ ራሱን አያስተዋውቅም። ሰው ስለ ራሱ ሲናገር ወይ ያሳንሳል ወይ ያገንናል ብለው፣ የሠራተኛውን ጉዳይና ፈቃድ ለምትይዘው ለአገርነሽ ይህን ነገር ትተውላታል። እሷ አዲሱን ሰው ሐይቁ ዳር ዓሣ ታበላዋለች፤ ታጫውተዋለች፤ ከዚያ ቁጭ ብላ ስለሱ አንድ ገጽ ትጽፍና በቴሌግራም ትለቀዋለች። ጽሑፏ ይናፈቃል። «ታንኳ መቼ ነው ሰው የምትቀጥረው?» እያለ የሚጠይቅ አለ፣ መቀጠር ፈልጎ ሳይሆን የአገርነሽን ጽሑፍ ናፍቆ።

በዚያ ሰሞን የመጡት ሁለት ነበሩ። አንዷ ዘይነት ናት፣ የወረታ ነጋዴ ልጅ፤ ሳቋ ከሰውነቷ የሚበልጥ። ስለሷ የተጻፈው ወጣ፣ ሁሉም ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ሁለተኛው ኪዳነ ወልድ ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲቀመጥ እንኳ ነጠላውን እንደሚሰበስብ ሰው ክንዱን የሚያጣጥፍ ልጅ።

«ብላ እንጂ! ዓሣው እኮ አንተን እያየ ነው» አለችው አገርነሽ፣ ሐይቁ ዳር ተቀምጠው።

«እሾሁን ፈርቼ ነው፣ እትዬ።»

«የቁንዝላ ሰው፣ ሐይቁ ዳር ኖሮ፣ ዓሣ ይፈራል?»

«ቁንዝላ እኮ ቅኔ ነው የተማርሁ፣ ዓሣ ማስገር አይደለም።»

ሳቁ። ነፋሱ ደግ ነበር፤ ደንገሉ እየተንሿሿ ነበር፤ አገርነሽም ስታዳምጥ አገጯን በእጇ ደግፋ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ነው፤ እንዲያ ሆኖ የሚያዳምጠውን ያገኘ ሰው ምን ይደብቃል? ልጁ እየቆየ ተናገረ። መምህሩ የኔታ ጥዑመ ልሳን እንደ አባት አሳድገውታል። ወንበሬን ይወርሳል እያሉ ያስቡት ነበር። እሱ ግን ልቡ ወደ ኮምፒውተር ሸፈተ። ይህን ነግሯቸው ፊታቸው ሲጠቁር ማየቱን ፈራና «እናቴ ታማለች» ብሎ ተሰናብቶ ወጣ። እናቱ ወለተ ኪዳን ግን ጤነኛ ነበረች። በኋላ ከጓደኞቹ እንደ ሰማው፣ የኔታ እስከ ዛሬ ተማሪ ሰብስበው አቡነ ዘበሰማያት ባደረሱ ቁጥር «ለወለተ ኪዳንም ምሕረቱን ይላክላት» ይላሉ።

«ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም» አላት፣ ዓሣውን እየገፋ። «ሥራ ስይዝ ሄጄ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ እያልሁ ነው የኖርሁት። ቅኔ ተማሪ መምህሩ መርቆ ካላሰናበተው የተማረው አይባረክለትም፣ እትዬ። አሁን ይኸው የግዕዝ ሥራ ይዣለሁ። አልጠፋሁም እላቸዋለሁ። በአፌ እነግራቸዋለሁ።»

አገርነሽ ዓይኗ እንባ አቀረረ። በውስጧም፣ እግዜር ይይላት፣ «ምን ያለ የሚያምር ታሪክ ነው!» አለች።

በማግስቱ ጻፈችው። ኪዳነ ወልድ ወደ ታንኳ የመጣው በአንዲት ትንሽ ውሸት ተሳፍሮ መሆኑን፤ ወለተ ኪዳን እንደ ሐምሌ ጎመን ለምልማ ሳለች የቁንዝላው መምህር ሳይሰለቹ ፈውስ እየለመኑላት መሆኑን፤ ሁሉንም አሰማምራ ጻፈችው። የኔታን በስም አልጠራችም። «በአፌ እነግራቸዋለሁ» ያለውን ግን ረሳችው፤ ወይም ታሪኩን ስለሚያስረዝምባት ተወችው። እሷም ራሷ የቱ እንደሆነ በኋላ ስትመረምረው አላገኘችውም።

ጽሑፉ እንደ ሰደድ እሳት ሄደ። የሳቅ ምልክት ከሥሩ ተኮለኮለ። አንዱ «የኔታስ ባለ መድኃኒት ናቸው፤ ያልታመመ ይፈውሳሉ!» ብሎ ጻፈ። ሌላው «ቁንዝላ ላይ የታወቁ እኮ ናቸው» አለ። አገርነሽ ይህን እያየች ደስ ብሏት ተኛች።

ጠዋት ኪዳነ ወልድ መጣ፤ አልተቀመጠም። ጠረጴዛዋ ፊት ቆመ።

«እትዬ፣ ያን ነገር ለምን ጻፍሽው?»

«የቱን?»

«የእናቴን። የየኔታን።»

«አልወደድኸውም? ሰው ሁሉ እኮ ወዶሃል! እየው እስቲ፣ ስንቱ ነው...»

«እኔን መች ነው የወደዱ? በሳቸው ነው የሳቁ።» ድምፁን አላነሣም፤ ቢያነሣ ይሻላት ነበር። «ለማንም ነግሬ አላውቅም አላልሁሽም?»

«ብለኸኛል።»

«ታዲያ ምን ማለቴ መሰለሽ?»

አገርነሽ ሲነግራት ሰምታዋለች። ሰምታም፣ ማንም ያልሰማው ታሪክ ስለሆነ ይበልጥ ያምራል ብላ ነበር።

ወዲያው አጠፋችው። አስናቀ በትከሻዋ በኩል አየና ራሱን ነቀነቀ። «አገሬ፣ ‹ውሰዱት፣ አባዙት› እያልን ያስለመድናቸው እኛው አይደለን? ስንት ቦታ እንደ ደረሰ አይቻለሁ። ብታጠፊው የሚጠፋው ከኛ ዘንድ ብቻ ነው።»

«አርሜ ልጻፈው?»

«ምኑን ታርሚዋለሽ? ሐሰት የለበት!» አስናቀ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ከዚህ ቤት አንዲት መስመር ፕሮግራም ሁለተኛ ዓይን ሳያያት አትወጣም። ያንቺን ግን ‹የአገርነሽ ነው› ብለን ሳናይ እንለቀዋለን። የኔም ጥፋት አለበት።»

«የለም። የኔ ነው» አለች።

ዘይነት ከወዲያ ማዶ ሰምታ ኖሯል። «የኔን አባቴ ሱቁ ውስጥ ሆኖ አንብቦት ‹ለካ ደንበኛ አቁመሽ ስልክ ስትጎረጉሪ ነበር!› እያለ እስከ ዛሬ ያሾፍብኛል» አለች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ግን እትዬ፣ እኔ የነገርሁሽ እንዲወጣ ነው። እሱ የነገረሽ እንዲቀልለው ነው።»

ይህች ቃል አገርነሽ ልብ ውስጥ እንደ ዓሣ እሾህ ተሰነቀረች። መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ የሰነበተበት ጊዜ ነበርና ክፍት መሆኑን አጠያይቃ፣ ለማንም ሳትናገር ወደ ቁንዝላ ተሳፈረች። ኮረኮንቹ ሲያንገጫግጫት «ይበለኝ» ትል ነበር። በመንገዱ ሁሉ የምትለውን ስታዘጋጅ፣ ስታፈርስ ሄደች።

የኔታ ጥዑመ ልሳን ዋንዛ ሥር ተቀምጠው ቅኔ ሲሰሙ ደረሰች። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሮአቸው ግን የአንዱን ተማሪ ስሕተት ከሌላው ለይቶ ይይዛል። ተማሪዎቹን በእጃቸው አሰናበቱና ወደሷ ዞሩ።

«ከወዴት ነሽ ልጄ?»

ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች። «ከባሕር ዳር ነኝ፣ የኔታ። ያን... ስለ ኪዳነ ወልድ የጻፍሁት እኔ ነኝ።»

የኔታ «አንብበውልኛል» አሉ። «አጻጻፍሽ ያምራል።»

ቢረግሟት ይሻላት ነበር። «የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ። ልጁ ሊያታልልዎ...»

«ልጁ ውሸታም መሆኑን አንቺ አይደለሽም የምትነግሪኝ» አሉ፣ ለስለስ ብለው። «በሄደ በሳምንቱ ወለተ ኪዳን በሶ ተሸክማ ከዚህ ደረሰች። ለልጇ ስንቅ ማምጣቷ ነበር። ከኔ ይልቅ እሷ ጤነኛ ነበረች። ‹ልጄ የታለ?› አለችኝ። ሁሉንም ያወቅሁ ያን ዕለት ነው።»

አገርነሽ ቀና አለች። «ታዲያ... ጸሎቱስ?»

«ስሟን ጮክ ብዬ እጠራ ነበር፤ ተማሪ ወሬ ያደርሳልና። ‹የኔታ ዛሬም ስለ እናትህ ይለምናሉ› ሲሉት አንድ ቀን ሆዱ ይባባና ‹ይተዉ የኔታ፣ ዋሽቼዎት ነው› ብሎ ይመጣል እያልሁ ነበር። ለሷ ጤና አልነበረም ጸሎቱ። ለሱ መምጫ ነበር።» መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እናቱንም ዝም በይ ብያት ነበር። እሷስ አላወጣችውም።»

አገርነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ልጆቼ፣ አስቡት እስቲ፤ ሽማግሌው ለዓመታት በር ገርበብ አድርገው ሲጠብቁ፣ እሷ ከውጭ መጥታ ወርውራ ዘጋችው።

«ትናንት ስሟን አልጠራሁም» አሉ የኔታ። «ልጆቹ እንዳይስቁ አፋቸውን ሲይዙ ሰማሁ።»

«ምን ላድርግ የኔታ? ሄጄ ልንገረው? ‹ቀድመው ያውቁ ነበር፣ አይቆጡህም፣ ሂድ› ልበለው?»

«እንዳትይው!» ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ጠነከረ። «እንግዲህ ከመጣ የሚመጣው ተጋልጦ ነው፤ ይኸው ይበቃዋል። አንቺ ደግሞ ገፍተሽ አታምጪው። እንደማልቆጣ አውቆ ከመጣ ምኑን መጣው? ፈርቶም ቢሆን በራሱ እግር ይምጣ። ካልመጣም...» አልጨረሱትም። «ይህን ትይዥልኛለሽ?»

«እይዛለሁ፣ የኔታ።»

«እስቲ እናያለን» አሉ፤ ሳይመርቁም ሳይረግሙም አሰናበቷት።

ስትመለስ ኪዳነ ወልድ ቁንዝላ መሄዷን ሰምቶ ኖሯል፤ የቁንዝላ ወሬ ከመኪና ይቀድማል። ደረጃው ላይ ጠበቃት። ዓይኑ ቀልቷል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው።

«አየሻቸው?»

«አየኋቸው።»

«ሰምተዋል?»

«ሰምተዋል።»

«ምን አሉ?»

መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አንዲት ቃል ብትለው ያ ልጅ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አልቅሶ ይገላገል ነበር። እሷም አብራው ትገላገል ነበር። ያ ነው የከበዳት፤ የሱን ሸክም ስታወርድለት የራሷም አብሮ እንደሚወርድ ታውቀዋለች።

«ይቅርታ ልጠይቃቸው ነው የሄድሁ። ጠይቄያቸው መጣሁ» አለች።

«እሳቸው ምን አሉ ነው የምልሽ!»

«አልነግርህም፣ ኪዳነ ወልድ።»

ልጁ አያት። «ያን ጊዜ ዝም ማለት ነበረብሽ፤ ያን ጊዜ ተናገርሽ። ዛሬ መናገር ሲገባሽ...» ተወው፤ ወደ ታች ወረደ። አገርነሽ የደረጃውን ብረት ይዛ ቆመች። አልጠራችውም።

ከዚያ በኋላ ሥራ እየመጣ አንገቱን ደፍቶ ይውላል፣ ይሄዳል። እሷ ግን አንድ ሁለቴ ተነሥታ ወደ ወንበሩ ሄደች፤ ለሌላ ጉዳይ እንደ ተነሣች አስመስላ ተመለሰች። ባይሄድስ? ሽማግሌው ሳያገኙት ቢያርፉስ? ያን ጊዜስ ምን ትላለች? ይህን እያሰበች ትከሳ ጀመር።

አንድ ሰኞ የኪዳነ ወልድ ወንበር ባዶ ሆነ። ማክሰኞም እንዲሁ።

«ይህ ልጅ የት ገባ?» አለ አስናቀ፣ ምሳ ላይ።

«ፈቃድ ጠይቆኝ ሰጥቼዋለሁ» አለች አገርነሽ።

«ለምን ጉዳይ?»

«አልጠየቅሁትም። የራሱ ጉዳይ ነው።»

አስናቀ ጉርሻውን በአየር ላይ አቆመ። «በዚህ ቤት ‹የራሱ ጉዳይ ነው› ሲባል ዛሬ ገና ሰማሁ» አለ። ዘይነት በክርኗ ጎሸም አደረገችውና ዝም ብሎ ጎረሰ።

ሳምንቱ ሲያልቅ ልጁ መጣ። ጫማው የኮረኮንች አቧራ እንደ ለበሰ ነው። ለሁሉም እጅ ነሥቶ ሥራውን ያዘ። ከሰዓት በኋላ አገርነሽ ጠረጴዛ ፊት መጥቶ ቆመ።

«ወይዘሮ አገርነሽ» አላት።

እትዬ አላላትም። ሰማችው፤ ይገባኛልም ብላ ተቀበለችው።

«አቤት።»

«በየዓመቱ የፍልሰታን ሰሞን ፈቃድ እፈልጋለሁ። ቁንዝላ የማነበው አለኝ። ያልጨረስሁት ትምህርት ነው።»

ልጆቼ፣ መምህር ያባረረው ተማሪ ተመልሶ አይማርም፤ ይህን አገርነሽም ታውቃለች። «ምን አሉህ? እንዴት ተቀበሉህ? አለቀስህ?» የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ እንደ ዶሮ ጫጩት በልቧ ውስጥ ተሯሯጡ። አንዱንም አላወጣችውም።

«ተፈቅዷል» አለች።

«እግዜር ይስጥልኝ።»

ዞረ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆም አለ፤ የሚናገረው ያለው ሰው መልሶ እንደሚዞር ትከሻውን አዘነበለ። አገርነሽም እንዳይነግራት ብላ ቀድማ አቀረቀረች።