ብርድ ነው ያልነው

ወርቅአየሁ የልጃቸውን የምሥራቅን ግቢ ገና ሳይረግጡ ሽታው ወጥቶ ተቀበላቸው። የእንጅባራ ሽንት እንዲህ አይሸትም፤ እዚያ ጉሙ አፍኖ ይይዘዋል። የጫግኒ ሙቀት ግን አብስሎ፣ አክርሮ አፍንጫ ላይ ይደፋዋል። በመንገዱ በኩል አጥሩ ላይ ፍራሽ ተሰጥቷል፤ መሀሉ ቢጫ ክብ በክብ ሆኖ ዝንብ ወሮታል።

«ይኼው ሰቅላዋለች! ላላፊ ለአግዳሚው!» አሉና ምራቃቸውን ጢቅ አደረጉ።

ቤዛዊትን እዚህ የላኳት ራሳቸው ናቸው። የወንዱ ልጃቸው፣ የደረሰ፣ ልጅ ናት፤ ስምንት ዓመት ሞልቷት አልጋዋ አልደርቅ ቢል ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ነርሷም «ከቤተሰብ በልጅነቱ እንዲህ ያስቸገረ ነበር? በዘር ይመጣል እኮ» ብላ ጠየቀች። ዘር የሚለው ነገር አስደነገጣቸው። በዘር የሚባለውማ ለጋብቻ ሲፈላለጉ በሹክሹክታ የሚጠያየቁት ነው። «ከእኛ ቤት? በማርያም! ብርድ ነው እንጂ» ብለው ልጂቱን እየጎተቱ ወጡ። ብርድ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ ቆላ ነውና ትምህርት ቤት ሲዘጋ አክስቷ ዘንድ ትክረም ተባለ።

ምሥራቅ ሮጣ መጥታ ጉልበታቸውን ሳመች።

«እማ፣ እግዜር ነው ያመጣዎት! ይችን ጉድ ይውሰዱልኝ። ቤቴን ሽንት ቤት አደረገችው። ልጄን ሕይወትን እንኳ ከእሷ ጋር ባስተኛት በክላ በክላ አሳደረችብኝ።»

ቤዛዊት ማንጎው ሥር ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል።

«ውሃ ጠጥተሻል፣ የኔ ሆድ?»

ልጂቱ አክስቷን ቀና ብላ አየች።

«ከቀትር በኋላ ከልክያታለሁ» አለች ምሥራቅ። «ካልገባ አይወጣም።»

በረንዳ ላይ የሽሮ አተር የሚለቅሙት ተከራዮች ሳቁ። «እንስራዋ ቀዳዳ ናት!» አለች አንዷ። «ኧረ የእንጅባራ ምንጭ በያት!» አለች ሌላዋ።

ወርቅአየሁን ከፍራሹ ይልቅ ሳቁ ገማቸው። ውሃ በጆግ አስመጥተው ልጂቱን ፊታቸው አስጠጧት፤ እንደ ጥጃ ነበር የምትምገው።

ማታ ቤዛዊትን ከራሳቸው ጋር ሳሎን አስተኟት። ሕይወት ለብቻዋ ጓዳ ተኛች።

ጧት ሲነቁ ቀሚሳቸው እስከ ጎናቸው ርሷል። የልጅ ልጃቸው ብትሆንም ጠረኑ አስጠላቸው። ለመለቃለቅ ወደ ጓሮ ወጡ። ለካ ምሥራቅ ቀድማቸው ሳፋ ላይ አጎንብሳለች፤ አንሶላ ትዘፈዝፋለች። ከጎኗ ሕይወት በእርጥብ ቀሚስ ቆማ ጣቷን ትጠባለች።

«ይኼ ደግሞ የማነው?»

«የ... የቤዛዊት ነዋ።»

«ቤዛዊት እኔ ላይ ሸንታ አድራለች!» ቀሚሳቸውን ወጥረው አስጠጉላት። «እንኪ፣ አሽትቺው!»

ምሥራቅ ፊቷን አዞረች። «ቀስ ይበሉ እማ፣ ትዕዛዙ ይሰማል። ባሌ አያውቅም። እናቱ የሰሙ እንደሆን ዘሬን ነው የሚቆጥሩ።»

«ስለዚህ በወንድምሽ ልጅ ላይ ደፋሽው?»

«እሷማ አንዴ ታውቆባታል። ምን ይጨምርባታል?»

ወርቅአየሁ ምላሳቸው ላይ ትል የሄደ መሰላቸው። የገዛ ልጃቸውን አፍ ማየት ቀፈፋቸው።

«ያንቺን የመኝታ አጎዛ በየጧቱ ማን ነበር ደብቆ የሚያደርቅልሽ? ደረሰስ ቢሆን? የአንዳችሁን አጥር ላይ ሰቅዬ አውቃለሁ?»

«እማ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ!»

በሩ ተከፈተና የምሥራቅ ባል ትዕዛዙ መፋቂያውን እንደነከሰ ብቅ አለ። «ምንድን ነው ገና በማለዳው?» የተከራዮቹም በር ገርበብ፣ ገርበብ አለ።

ወርቅአየሁ ዝም ቢሉ ነውሩ ሁሉ ቤዛዊት ላይ እንደተደፋ ይቀራል። ቢናገሩ ደግሞ የልጃቸው ትዳር አለ።

«ዘር ነው፣ ልጄ» አሉ ሁሉም እንዲሰማ። «የደረሰም ልጅ ትሸናለች፣ ያንተም ልጅ ትሸናለች። ከእኔ ነው የመጣ። ጡቴ እስኪያጎጠጉጥ አባቴ ቤት ሸንቻለሁ። ልጆቼም እንዲያው። ኋላ ሁላችንንም ተወን። ብርድ ነው ያልነው ውሸታችንን ነው።»

የሳቀ የለም። ትዕዛዙ ሳፋውን አየ፣ ልጁን አየ።

«ታዲያ ያ ሁሉ ስድብ ለማን ነበር?» አላት ምሥራቅን። ምሥራቅ አጎንብሳ አንሶላውን ጨመቀች።

ወርቅአየሁ የቤዛዊትን ልብስ በፌስታል ጠቅልለው ሊወጡ ሲሉ ሕይወት ነጠላቸውን ጨምድዳ ያዘች።

«እምዬ፣ እኔንም ይውሰዱኝ።»

«ምነው የኔ ዓለም? ቤትሽ አይደል?»

«እሷ ከሄደች እኔ ነኛ የምሰደበው።»

ወርቅአየሁ ፌስታሉን መሬት ለቀቁት። ይኼን ሙቀትና ይኼን ጠረን ችሎ የሚከርም ሆድ የላቸውም፤ ቢሆንም ነጠላቸውን አውልቀው ችንካሩ ላይ ሰቀሉ።

«ለደረሰ ደውዪልኝ» አሉ ምሥራቅን ሳያይዋት። «እናትህ እዚሁ ትከርማለች በይው።»

ምሥራቅ ቁርስ አቀረበች፤ «እንብላ እማ» ብላም ጠቅልላ እጇን ዘረጋች። ወርቅአየሁ አፋቸው አልከፈት አለ። እጇን በእጃቸው መለስ አደረጉና ልጆቹን ግራና ቀኝ አስቀምጠው ራሳቸው ያጎርሷቸው ጀመር።