ለወገብ መቶ አራት የተላከ መልእክት

ችኩሌ ነገሩን ያሰበችውም የጨረሰችውም በአንድ ትንፋሽ ነው። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ግን ሻይ ሳይበርድ ጠጥታ ምላሷን የምታቃጥል፣ ጥያቄ ሳያልቅ የምትመልስ ልጅ ስለሆነች ሰፈሩ በሙሉ ችኩሌ ነው የሚላት።

አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት። እጇ ወርቅ ነው፣ ጆሮዋ ግን ከዓመት ወዲህ ከድቷታል። የስፌት መኪናው እየተንኳኳ ስልኩ ቢጮህ አትሰማም፤ ብታነሳውም «ማን ልበል? ማን?» ስትል ደንበኛው ተሰላችቶ ይዘጋዋል። ያለቁት ልብሶች ወሳጅ አጥተው መስቀያው ላይ ተጨናንቀዋል፣ አዲስ አሰፊ ደግሞ የለም። እና ማክሰኞ ዕለት ቁልፍ እየተከለች፣ ልክ ስለ አየሩ እንደምታወራ ሁሉ፣ «ወር ሲያልቅ ክፍሉን እለቃለሁ። ለአከራዩም ነግሬዋለሁ» አለች። ሃያ ሁለት ዓመት የሰፋችበትን ክፍል እኮ ነው።

ችኩሌ ከመቀመጫዋ ዘላ ተነሳች።

«ስልክሽን አምጪ» አለቻት ጆሮዋ ሥር ገብታ።

«ለምን? ፎቶ ልትነሺበት?»

«ዝም ብለሽ አምጪ፣ አክስቴ።»

ከዚያማ ማን ይያዛት። መጀመሪያ መልእክት ሲገባ ስልኩ እንዲንቀጠቀጥና መብራቱ ብልጭ እንዲል አደረገችው። አክስቷ ኪሷ ከትታ ስትሞክረው «አይጥ የገባብኝ መሰለኝ» ብላ ዘለለች። ቀጥሎ ፊደሉን አተለቀችው። ቀጥሎ ደግሞ ሁልጊዜ የሚጻፈውን አስቀመጠችላት፤ «ልደ» ብለው ሁለት ፊደል ሲነኩ «ልብስዎ ደርሷል፣ መጥተው ይለኩ» የሚለው እንዳለ ዱብ ይላል።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምን አስለፋኝ?» አለች አክስቷ።

ግን የሁሉም ቁንጮ ሌላ ነው። አንድ መልእክት ጽፎ ለሃያ ሦስት ሰው ለየብቻ መላክ ይቻላል፣ ያውም ስልኩ የእያንዳንዱን ስም ከመዝገቡ ራሱ እየወሰደ ያስገባዋል፣ ያውም ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በራሱ እንዲሄድ ይቀጠራል። ሰው በስሙ ሲጠራ ደስ አይለውም? ይለዋል። ችኩሌ ደንበኞቹን መረጠች፣ ቀጠረችው፣ እየዘለለች ቤቷ ገባች።

ያላየችው ነገር ቢኖር መዝገቡን ነው። ልብስ ሰፊ ሰውን በስሙ አታውቀውም፤ በልኩ ነው። አክስቷ ስልክ ውስጥ አንድም የሰው ስም የለም።

በነጋታው ሦስት ሰዓት ላይ «ጤና ይስጥልኝ ወገብ መቶ አራት፣ ልብስዎ ደርሷል» የሚለው ለፋርማሲዋ ሴትዮ ደረሰ። «ጤና ይስጥልኝ ዳሌ ብቻ» የሚለው ለአውቶቡስ ሹፌሯ። ስልኩ እንደ አምፖል ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረ። በጠዋት አክስቷ ክፍል የደረሰችው ችኩሌ ስልኩን አንስታ የመጀመሪያውን መልስ ስታነብ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ላጥፋው ይሆን ብላ አሰበች። አላጠፋችውም፤ ስልኩን ለአክስቷ ሰጠቻትና ጣቷን መንከስ ያዘች።

አክስቷ መነጽሯን አድርጋ አነበበች። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል። አንቺ ቀንዱን ከነበሬው ነው የነከስሽው።»

ከመልሶቹ መሃል የአንዲት የቆየች ደንበኛዋ፣ የርዕሰ መምህሯ፣ መልስ አንጀት ይበላል፦ «አሥራ አምስት ዓመት አሰፍቼ መጨረሻዬ ትከሻ ዘንባላ መባል ነው? ልብሱን ለፈለግሽው ስጪው።»

የአክስቷ ፊት ጠቆረ።

«ይቅርታ የሚል አዘጋጅቼልሻለሁ፣ «ይቅ» ብለሽ ስትጽፊ ብቻ...» አለች ችኩሌ ጆሮዋ ሥር።

«ተይኝ እስቲ። ይሄ የተዘጋጀ አይፈልግም።» በአንድ ጣቷ፣ ፊደል በፊደል፣ የስፌት መኪናዋን አቁማ ጻፈች፦ «ስምሽን ብረሳ ትከሻሽን አልረሳም። ግራው ሁለት ጣት ዝቅ ይላል። አሥራ አምስት ዓመት ከውስጥ ስፖንጅ እያስገባሁ እኩል ሳደርገው ለአንድም ሰው ትንፍሽ አላልኩም። በስልክ እንዳልነግርሽ ጆሮዬ ደክሟል።»

ሁለቱም ስልኩ ላይ አፈጠጡ። ብልጭ አለ።

«ጆሮሽ? እኔ እኮ ስደውል ዝም ስትዪኝ የኮራሽብኝ መስሎኝ ነው የቀረሁት። ከሰዓት እመጣለሁ።»

አክስቷ ደግማ አነበበችው፣ ከዚያ ሦስተኛ። ለካ ስለ ጆሮዋ ለማንም አልተናገረችም ነበር። አፍራ።

ርዕሰ መምህሯ ከመምጣቷ በፊት ግን የፋርማሲዋ ሴትዮ ደረሰች። በሩ ላይ አገጯን ቀና አድርጋ ስልኳን እንደ መታወቂያ ዘረጋች። «ዘጠና ስምንት ነኝ አሁን። ቁጥሬን ካልቀየርሽ ልብሴን አልወስድም» የሚል መልስ ጽፋበታለች።

አክስቷ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ለካቻትና የራሷ ስልክ ላይ ጽፋ አሳየቻት፦ «ዘጠና ዘጠኝ። ትንፋሽሽን ልቀቂው።»

ሴትዮዋ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። አክስቷ ወደ ጆሮዋ ጠቁማ እንደማትሰማ ነገረቻት። ሁለቱ ሴቶች ስልክ እየተቀያየሩ፣ አንዷ ጽፋ ሌላዋ እያነበበች፣ የወራት ወሬያቸውን ሲያወጡት ችኩሌ አጠገባቸው ቆማ ትቁነጠነጣለች። አክስቷ ከሰው ጋር እንዲህ ስታወራ ካየቻት ስንት ጊዜዋ።

ሴትዮዋ እንደወጣች አክስቷ ለብቻዋ የሆነ ነገር ስትጽፍ ችኩሌ በትከሻዋ በኩል አንገቷን አስግጋ አነበበች። ለአከራዩ ነው፦ «ክፍሉን አልለቅም። ሰው እንዳታመጣበት።»

«ላኪው» አለች ችኩሌ።

«አንዴ ላንብበው፣ እንዳንቺ መሰልኩሽ?» አነበበችው። ላከችው።

ብልጭ አለ፦ «እሺ።»

አክስቷ ስልኩን ኪሷ ከተተችና መርፌዋ ውስጥ ክር አስገባች።