ሳቬሪዮ የለቀመው እንጉዳይ

የዚያን እሑድ ወደ ፊሎሜና ዳቦ ቤት የወጣነው እኔ፣ አባቴ ሳቬሪዮና ልጄ ኒቬስ ነበርን። ፊሎሜና በደቡብ ጣሊያን በሲላ ተራራ ላይ ስንዴዋን ራሷ ዘርታ፣ ራሷ አስፈጭታ በእንጨት ምድጃ የምትጋግር ሴት ናት። ሊጧ ሳያድር እሳት አያይም። የቸኮለ እንግዳ ሲመጣባት፣ «ከተማ ውረድ፣ እዚያ ሳይበስልም ይሰጡሃል» ትለዋለች።

አባቴ ማለዳ ብቻውን ጫካ ገብቶ ነበር። ቅርጫቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው።

«ዛሬ ፒዛውን የማለብሰው እኔ ነኝ!»

«ሰው የለቀመው እንጉዳይ ምድጃዬ አይገባም ብያለሁ» አለች ፊሎሜና።

«እኔ ሰው ነኝ እንዴ? የክርስትና አባትሽ ነኝ!»

ሳቀች። «ለእናንተ ጠረጴዛ ብቻ፤ ለሌላ ሰው አልሰጥም» ብላ ልጣ ከተፈችው። ልጣጩንና ቁርጥራጩን የዶሮዎቹ ባልዲ ውስጥ ጣለች።

ፒዛው ጠርዙ ጠቆር ብሎ፣ አይቡ እየፈላ መጣ። ኒቬስ እንጉዳይ አትወድም። «አንዴ ብቻ፣ ለአያትሽ ስትዪ» ብሎ አባቴ አጎረሳት። ጣማት መሰለኝ ድርሻዋን ጨረሰች። ፊሎሜናም ቆማ ቀመሰች።

ትንሽ ቆይቶ አባቴ ወደ ግቢው ግንብ እያየ፣ «ያን ልጅ አውርዱት እንጂ፣ ይወድቃል» አለ።

ግንቡ ላይ የተኛችው ድመት ነበረች።

የያዝኩትን ቁራሽ አስቀመጥኩ። «አባዬ፣ ዛሬ ጠዋት እንጉዳዩን ማን አየልህ?»

«ማን ያይልኛል? እጄ ያውቀዋል፤ አፍንጫዬም አለ።»

«ዓይንህስ?»

ዓይኑን በእጁ አሻሸ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ከፋሲካ ወዲህ ጭጋግ ነገር አለብኝ። ብነግራችሁ ጫካውን ትከለክሉኛላችሁ» አለ።

ፊሎሜና ፊቷ እንደ ሊጧ ነጣ። «አረንጓዴ ቆብ ያላቸው ነበሩበት» አለች። «የሚበላው መስሎኝ…» ቃሏን አልጨረሰችም። ሮጣ ባልዲውን ከዶሮዎቹ ፊት ነጠቀች፤ ቁርጥራጩን ላስቲክ ውስጥ ከትታ ምድጃዋን እንደነደደ ትታ መኪናዬ ውስጥ ገባች።

የቁልቁለቱን ጥምዝምዝ እንዴት እንደነዳሁት አላውቅም። ግማሽ መንገድ ላይ ኒቬስ፣ «እማዬ፣ ሆዴን» አለች። መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ነበር። ከኋላ አባቴ የልጅቷን እጅ ይዞ፣ «በእኔ ይሁን፣ በእኔ ይሁን» ይላል።

«ዝም በል!» ብዬ ጮህኩበት። በዕድሜዬ ጮሄበት አላውቅም።

ሆስፒታል የእንጉዳይ አዋቂ ጠሩልን። ቁርጥራጮቹን አንድ በአንድ በማጉያ መነጽር አየ።

«አብዛኛው ደህና ነው። ከመካከሉ ግን አንዱ ገዳይ ነው። ማን እንደበላው ታውቃላችሁ?»

ማናችንም አላወቅንም።

«ልጄን አሁን ሆዷን አሟታል!»

«እመቤቴ፣ ያ የመንገዱ ጥምዝምዝ ያመጣው ሊሆን ይችላል። ይህ መርዝ ቶሎ አይናገርም፤ ክፋቱም እሱ ነው።»

አራታችንንም አስተኙን፤ ጥቁር የከሰል ዱቄት በውሃ አጠጡን፣ ደም ቀዱ። ኒቬስ አፏ ጠቁሮ ስትስቅ እኔ ዓይኖቿ ቢጫ መሆን አለመሆናቸውን አያለሁ። ባስነጠሰች ቁጥር ነርስ እጠራለሁ። ፊሎሜና ግድግዳውን አይታ ተኝታለች፤ መቁጠሪያዋ እጇ ላይ ቆሟል።

በማግስቱ ማስመለስ የጀመረው አባቴ ነው። ነርሷ ስትነግረኝ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነበር፤ ልጄ አይደለችማ። ወዲያው የገዛ ራሴ ነገር አስፈራኝ፤ ተነስቼ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ።

ጉበቱ ክፉኛ ተጎዳ። ሐኪሞቹ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ለመናገር ሲፈሩ ሰነበቱ። «ልጅቷስ?» ይላል ዓይኑን በገለጠ ቁጥር። «ደህና ናት» እላለሁ። አያምነኝም፤ አምጥቼ እጁን ፊቷ ላይ አስይዘዋለሁ። የእኛ የሦስታችን ደም ንጹሕ ነበር፤ እሱም በመጨረሻ ከሞት ተረፈ። ከስቶ፣ በትር ይዞ ወደ ቤት ገባ። የዓይኑን ሞራም አስገፈፈ።

በቀጣዩ ጸደይ ወደ ፊሎሜና ተመለስን፤ የጠራችን እሷ ናት። ቲማቲምና አይብ ብቻ ያለበት ፒዛ ጋገረችልን። አባቴ ሳህኑን ትኩር ብሎ እያየ ተቀመጠ። የበላችው ኒቬስ ብቻ ነበረች።