የማይቆለፈው ሳምንት

ሦስተኛውን ሳምንት ከሁለተኛው በፊት አስቀምጦታል፣ እንዴት እንዳስቀመጠው እሱም አያውቅም፣ ሠላሳ ዓመት ሲበይድ አንዲት የበር ማጠፊያ ገልብጦ አያውቅም፣ እዚህ ኮምፒውተር ላይ ግን በአንድ ጣት የትምህርት ሳምንት ይገለበጣል። ይመልሰዋል። አሁን ልክ ነው። ንባቡና ቪዲዮው በስልክ፣ ብረቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ወርክሾፕ ውስጥ፣ ሥራ የያዘ ሰው ሥራውን ሳይለቅ ብየዳ ይማር፣ ስምንት ሳምንት፣ ሐሳቡ የማንም አይደለም፣ የሱ ነው።

የኮምፒውተር መምህርቷ ከጎኑ ቆማለች፣ ባለፈው ሳምንት ቪዲዮውን አይታ በሳቅ ልትሞት ነበር፣ ጋሼ፣ ተማሪው እኮ ብየዳ አይደለም የሚማረው፣ የእርስዎን ጀርባ ነው፣ እውነቷን ነው፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ጎንበስ ያለ ጀርባ፣ እንደገና ተቀረጸ፣ በትከሻው በኩል፣ አሁን እጁ ይታያል። ጠባሳውም። ይታይ።

አራት ሰዓት ላይ የኮሌጁ ዲን ይመጣሉ፣ ካጸደቁት ሰኞ ይከፈታል፣ ካላጸደቁት ለከርሞ፣ ስልሳ ሁለት ሰው ተመዝግቧል፣ ሹፌር፣ ዘበኛ፣ የቀን ሠራተኛ። ለከርሞ ስንቱ ይመለሳል?

ጋሼ፣ አንዲት ነገር ቀርታለች፣ እዚህች ላይ ምልክት ያድርጉ፣ ሳምንቱ ሲያልቅ ትምህርቱ ይቆለፍ፣ ዲኑ ያዘዙት ነው።

ይቆለፍ፣ ጣቱ ምልክቷ ላይ ሳይደርስ ይቆማል።

ያኔ በወጣትነቱ፣ ሲሚንቶ ፀጉሩ ላይ ደርቆ፣ ጠዋት ብሎኬት ሲያወጣ አርፍዶ፣ ሮጦ ሲደርስ የትምህርት ቤቱ በር ተቆልፏል፣ ዘበኛው ከውስጥ፣ ሂድ ልጄ፣ ነገ በጊዜ ና፣ ነገም ያው፣ ከነገ ወዲያም ያው፣ ቆሞ በሩን ያያል፣ ሌላ ምን ያያል፣ የቱ ጋ ብየዳው እንደተቃጠለ፣ የቱ ጋ ብረቱ ሳይያያዝ በቀለም እንደተሸፈነ፣ መጀመሪያ የተማረው ያንን በር ነው፣ ከውጭ። ይህን እስከ ዛሬ ለሚስቱም አልነገራትም።

ጋሽ ብረቱ፣ አለቀ? ዲኑ ናቸው፣ ተማሪ ያወጣለትን ስም እሳቸውም ለምደውታል፣ በራሳቸው ስልክ ይከፍታሉ፣ ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ቪዲዮው ላይ ይቆማሉ፣ አይ! አይ እጅ! እኔም ልመዝገብ እንዴ፣ መምህርቷ ትስቃለች፣ እሱ አይስቅም፣ ደረቱ ውስጥ ግን አንድ ነገር ቀና ይላል።

መቆለፊያውስ?

አይቆለፍም።

እንዴት አይቆለፍም፣ ሰው ይሰንፋል እኮ።

ሊነግራቸው ይችላል፣ በሩን፣ ሲሚንቶውን፣ አፉ ድረስ መጥቷል፣ ይውጠዋል። የዘገየ ሁሉ ሰነፍ አይደለም፣ ሥራ ላይ ይሆናል፣ ቅዳሜ ብረቱን ይዞ ይምጣ፣ እዚያ እኔ አልምረውም።

ዲኑ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ መልሰው ያደርጋሉ። ኃላፊነቱን ይወስዳሉ?

እወስዳለሁ።

እንግዲያው ሰኞ ይከፈት፣ ብለው ይወጣሉ፣ በቃ፣ ይኸው ነው፣ መምህርቷ እጇን ወደ ኮምፒውተሩ ትሰድዳለች፣ ልክፈተው ጋሼ? ተይው፣ እኔ፣ ይላታል፣ በዚያችው በአንድ ጣት፣ ቀስ ብሎ፣ ሳምንት አንድ፣ የአደጋ መከላከያ አለባበስ፣ ክፍት፣ ሳምንት ሁለት፣ ክፍት፣ ሦስትን በቦታው ያየዋል፣ ክፍት፣ አይቸኩልም፣ አንገቱ ቀጥ ብሏል፣ እስከ መጨረሻው ይወርዳል፣ ሳምንት ስምንት፣ የግቢ በር መሥራት፣

ክፍት።