የጦይባ አብሽ

በሩ ሲንኳኳ ጦይባ አብሹን እያማሰለች ነበር። ኢምባካሲ ሰፈር ውስጥ በዚህ ማለዳ የሚያንኳኳ እንግዳ ብርቅ ነው። ከፍታ ስታይ ሯጮችን የምትመረምረው ሴት መታወቂያዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቆማለች፤ የልጇን የሽንት ናሙና ልትወስድ ነው የመጣችው።

ልጇ ኢንሳፍ ሯጭ ናት። ልምምዱ በከበደ ቁጥር ጉንፋን ይጥላታል፤ ዘንድሮ ሁለት ውድድር በዚሁ አመለጣት። አሠልጣኟ ግን ያልታሸገ ነገር ከማንም እጅ እንዳትቀበል፣ ዱቄት የሚባል ነገር በዞረበትም እንዳትዞር አስጠንቅቋታል። ዕቃው ላይ ያልተጻፈ አበረታች መድኃኒት ተደባልቆበት ስንቱ ሯጭ ታግዷል። ስለዚህ ኢንሳፍ ሰው ቤት ሻይ እንኳ አትቀምስም። የምታምነው አንድ እጅ ብቻ ነው፤ የእናቷን።

እናት ደግሞ የልጇን ሳል እየሰማች መች ያስችላታል! ኢስሊ ገበያ ከሱቋ አጠገብ የሚነግደው ከሊፋ፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያጠነክር ዱቄት ነው፣ ቅጠል ብቻ ነው ብሎ ምሎ ሰጣት። ከሊፋ ሳይምል የሸጠው ዕቃ ያለ ይመስል፣ አመነችው። የአብሽ ምሬት ሁሉን ይሸፍናል፤ ኢንሳፍ በየማለዳው በምትጠጣው አብሽ ላይ አንድ አንድ ማንኪያ ጣል ታደርግበት ጀመር። ጉንፋኑ ጠፋ። የኢንሳፍ እንቅልፍም አብሮ ጠፋ፤ ልቧ ቁጭ ባለችበት ይደልቃል። ጦይባ ፈራች። ፈርታም አላቆመችም፣ ውድድሩ ደርሶ ነበርና።

የፈሩት ይደርሳል። ኢንሳፍ ከመኝታዋ ተነስታ ናሙናውን ሰጠች። መርማሪዋም ኢንሳፍን፣ ሰሞኑን የወሰደችው መድኃኒት ወይም ዱቄት ካለ እንድትናገርና እንድትፈርም ጠየቀቻት።

«ሃፓና፣ ምንም» አለች ኢንሳፍ በአገሩ ቋንቋ፣ ፈገግ ብላ። «የእናቴን አብሽ ብቻ።»

ጦይባ ዝም ብትል ልጇ ሳታውቅ ዋሽታ ልትፈርም ነው፤ ብትናገር በገዛ አፏ ልታሳግዳት። ያ አላህ፣ ምን ውስጥ ገባሁ አለች በሆዷ። ብዕሩ ወረቀቱን ሊነካ ሲል ድምፅዋ አምልጧት ወጣ።

«ኢንሳፍዬ፣ አብሽ ብቻ አይደለም። የከሊፋን ዱቄት ጨምሬበታለሁ።»

ኢንሳፍ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ለጦይባ በተሻላት። የሰማችውን ቃል በቃል ለመርማሪዋ ተረጎመችላትና አስጻፈች። ስትጨርስ ድምፅዋ ሻክሮ ውኃ ፈለገች። ጦይባ ሮጣ ብርጭቆ ሞልታ አቀረበችላት።

ኢንሳፍ እጇን በብርጭቆው ላይ አሳልፋ መርማሪዋ ይዛ የመጣችውን የታሸገ ውኃ አነሳች።